የሌዘር ቲዩብ ጋዝ ለምን ይደክማል? ማስሞላትስ ያዋጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የማስታወቂያ ሥራ ሱቅ አለኝ። ባለ 80 ዋት ሲኦቱ (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ) ሌዘር ማሽን ከገዛሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ድሮ 5 ሚሊ አክሪሊክ በአንድ ዙር ይቆርጥልኝ ነበር። አሁን ፓወሩን 90 ፐርሰንት አድርጌው እንኳ ሁለቴ ካላለፈበት አይቆርጥም። የጠራሁት ቴክኒሻን ‹ጋዙ አልቋል› አለኝ። ጋዝ ማስሞላት ይቻላል? የፋብሪካና የወታደር ትልልቅ ሌዘሮችስ ይህን ችግር እንዴት ነው የፈቱት?»

ወንድሜ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ ለመጀመሪያውም መልስ ስላለው ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ለኪስህ የሚሆነውን ልንገርህ። የብርጭቆ ቲዩብ ጋዝ ማስሞላት ይቻላል፣ ግን አያዋጣም። ጋዙም አላለቀም። አብዛኛው እዚያው ቲዩቡ ውስጥ ነው፣ ተበላሽቶ ይሆናል እንጂ። ደግሞ ቲዩቡ ጭራሽ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሌንስ በመጥረግ የሚያልቀውን ጣጣ አዲስ ቲዩብ ገዝተው የሚገላገሉ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከሌንሱ ጀምር። ማሽኑን ከሶኬት ንቀልና ሌንሱን አውጥተህ ወደ መስኮት ብርሃን አዙረህ እየው። ቢጫ ቀለም አለው። ዚንክ ሴሌናይድ ነው፤ ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ ነው እሱ የተመረጠው። መሃሉ ላይ ጭጋግ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ካየህ ፓወርህን የሚበላው እሱ ነው። የአክሪሊክና የኤምዲኤፍ ጭስ እዚያ ላይ ይጋገራል። የተጋገረው ቆሻሻ ጨረሩን ይውጣል፣ ሌንሱ ይሞቃል፣ መጨረሻ ላይ ይሰነጠቃል። በንጹህ አልኮልና በሌንስ መጥረጊያ ወረቀት ቀስ አድርገህ ጥረገው። ተሰባብሮ ካገኘኸው ግን ስብርባሪውን በባዶ እጅ አትንካ፤ መርዛማ ነው። ጨረሩን ከቲዩቡ ወደ ሌንሱ የሚያዞሩትን መስታወቶችም እንዲሁ አጽዳ።

ሌንሱና መስታወቶቹ ንጹህ ሆነው ችግሩ ከቀጠለ ወደ ቲዩቡ ሂድ። መነጽርህን አድርግ፤ ጨረሩ በዓይን አይታይም። ከቲዩቡ አፍ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው መስታወት ጋ ሳይደርስ፣ ቁራጭ አክሪሊክ አቁምና የፐልስ ቁልፉን ለአፍታ ተጫን። አክሪሊኩ ላይ ክብና ወደ መሃሉ የሚጠልቅ ጉድጓድ ከወጣ ጥሩ ነው። ቀለበት ወይም ሁለት ለየብቻ የሆኑ ጉድጓዶች ካየህ ችግሩ ቲዩቡ ውስጥ ነው። ሲበራ የቲዩቡን ቀለምም እይ። ጤነኛው ሮዝ ሆኖ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ከነጣ ግን ጋዙ ተበላሽቷል ወይም አየር ገብቶበታል፤ ያኔ ቴክኒሻንህ ብዙም አልተሳሳተም።

አሁን ወደ ጋዙ እንግባ። የጋዝ ሌዘር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 ነው የተወለደው። ቴህራን ተወልዶ ያደገው አሊ ጃቫን ከቤኔትና ከሄሪዮት ጋር አሜሪካ ባለው የምርምር ተቋም በቤል ላቦራቶሪ ውስጥ የሄሊየምና የኒዮን ቅልቅል አበራ። የአንተ ቲዩብ አባት ደግሞ ሌላው የቤል ሰው፣ ህንድ የተወለደው ኩማር ፓቴል ነው። በ1964 ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻውን ሞክሮ ያገኘው ኃይል በሚሊዋት የሚቆጠር ነበር። ናይትሮጅን ሲጨምርበት ወደ ዋት አደገ። ሄሊየም ሲጨመር በዓመት ከምናምን ውስጥ ከ100 ዋት አለፈ። ያው ጨረር ነው፣ የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። የተለወጠው ቅልቅሉ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ደስ ይላል። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖች ናይትሮጅንን እየመቱ ያንቀጠቅጡታል። ናይትሮጅን ይህን ኃይል በቀላሉ አይለቅም፣ ይዞት ይቆያል። የያዘው ኃይል ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የላይኛው የኃይል ደረጃ ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ሲጋጩ ሙሉውን ያስረክበዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጨረሩን ሰጥቶ ታች ይወርዳል። ታች የወረደው ቶሎ ቦታ ካልለቀቀ ግን ሌዘሩ ይታፈናል። እዚህ ላይ ሄሊየም ይመጣል፦ የታችኛውን ደረጃ ባዶ ያደርጋል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ግድግዳው ያደርሳል። ቲዩብህ ውስጥ ካለው ጋዝ አብዛኛው ሄሊየም የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይበላሻል? ያው የሚያበራው ኤሌክትሮን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እየሰበረ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን ያደርገዋል። ሁለቱ መልሰው ቢገናኙ ምንም አልነበረም። ግን ኦክስጅኑ ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ጋዙ የሚገባበትን ብረት፣ ያዝገዋል፣ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ኤሌክትሮዱም እየተረጨ ግድግዳው ላይና መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። በታሸገ ቲዩብ ውስጥ ደግሞ የጎደለውን የሚተካ የለም። ስለዚህ ፓወሩ ቀስ በቀስ ይወርዳል።

በዚህ መስክ ከተሠሩት ፈጠራዎች ብልሃት የበዛባቸው እዚህ ላይ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ጋዙን ከመቀየር ይልቅ ራሱን እንዲጠግን ያደርጋሉ። ትንሽ ሃይድሮጅን ወይም የውሃ ትነት ቅልቅሉ ውስጥ ሲገባ የተሰበሩት ተመልሰው እንዲገናኙ ይረዳል። ጥቂት ዜኖን ሲጨመር ኤሌክትሮኖቹ ረገብ ይላሉ፤ ብዙ ሳይሰብሩ ይሠራሉ። ከዚያ ካታሊስት መጣ፤ ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ውህደት የሚያፋጥን ነገር ነው። አንዳንዶቹ ፕላቲነምን አሞቁ፣ ሌሎቹ የቲዩቡን ውስጥ በስሱ ወርቅ ቀቡት፤ ሞኖክሳይዱና ኦክስጅኑ ወርቁ ላይ ሲያርፉ ተመልሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። ናሳ ደግሞ ከሳተላይት ላይ ነፋስ ለመለካት ለታሰበ የሲኦቱ ሌዘር በላንግሌይ ማዕከሉ ፕላቲነምና ቲን ኦክሳይድ የተቀላቀለበት ካታሊስት ሠራ። ጠፈር ላይ ጋዝ የሚሞላ ቴክኒሻን የለም። የሚገርመው ሳተላይቱ ሳይሆን ካታሊስቱ ነው ምድር ላይ ጥቅም ያገኘው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን በተራ የክፍል ሙቀት ያጠፋልና ለሌላም ሥራ ዋለ።

ለምን ይሄን ሁሉ እነግርሃለሁ? እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ የሚሠሩት መጠን ሳይታለፍ ነው። ጋዙ የሚሰበርበት ፍጥነት ካታሊስቱ ከሚጠግንበት ከበለጠ ቲዩቡ ያረጃል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ደግሞ በአንተ እጅ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከረንትና ሙቀት።

ከከረንቱ ልጀምር። ማሽንህ ስክሪን ላይ የሚታየው «90 ፐርሰንት» ምንም አይነግርህም። የምን 90 ፐርሰንት? ፓወር ሰፕላዩ ከሚችለው እንጂ ቲዩቡ ከሚችለው አይደለም። የበራ ጋዝ እንደ አምፖል አይደለም፤ ከረንቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ይወርዳል። ካልተገደበ ከረንቱ እየሸሸ ይሄዳል። ለዚህ ነው ድሮ በባላስት ሬዚስተር፣ ዛሬ ደግሞ ከረንት በሚቆጣጠር ፓወር ሰፕላይ የሚያዘው። በ80 ዋት ደረጃ ያሉ ቲዩቦች ጣሪያቸው አብዛኛውን ጊዜ 25 ሚሊአምፒር አካባቢ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ቲዩቡ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ይነበባል። ከዚያ ካለፍክ ለጊዜው ጨረሩ የጠነከረ ይመስልሃል። ትንሽ ቆይቶ ግን ጋዙ ስለሚሞቅ ጭራሽ ይቀንሳል፤ መሰባበሩ ደግሞ ይፈጥናል። ሰውም ፓወሩ ቀነሰ ብሎ ፐርሰንቱን ይጨምራል። ቲዩብ የሚገድለው ይሄ ነው።

ስለዚህ ርካሽ የመርፌ ሚሊአምፒር ሜትር አስገባ። የሚገባው ከቲዩቡ ወደ ፓወር ሰፕላይ በሚመለሰው በካቶዱ ሽቦ ላይ ነው፤ በዚያ በኩል ቮልቴጁ ዝቅተኛ ነው። ከፍተኛው ቮልቴጅ በሚገባበት በአኖዱ በኩል እንዳትሞክር፣ ይገድልሃል። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ይህን ሥራ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያውቅ ሰው ይሥራልህ። ሜትሩ ከገባ በኋላ ስክሪኑን እርሳው፣ መርፌውን እይ።

አሁን ስለ ሙቀት። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ቲዩብህ በ18 ኪሎቮልትና በ25 ሚሊአምፒር ሲሠራ 450 ዋት ይበላል። 80ው ጨረር ሆኖ ቢወጣ 370ው ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። ብዙ ሱቆች ውስጥ ያየሁት ባለ 20 ሊትር ባልዲና ትንሽ ፓምፕ ነው። 370 ዋት 20 ሊትር ውሃን በአንድ ሰዓት ወደ 16 ዲግሪ ያሞቀዋል። ጠዋት በ18 ዲግሪ የጀመርክ ከሆነ ያለ እረፍት አንድ ሰዓት ሠርተህ 30ን አልፈሃል ማለት ነው። ሌንስና ፍጥነት ሳትነካ «ጠዋት ይቆርጣል፣ ከሰዓት አይቆርጥም» የሚል ሁሉ መልሱ እዚህ ባልዲ ውስጥ አለ።

የሞቀ ጋዝ ምን ያደርጋል? ያ የታችኛው ደረጃ ባዶ መሆን የነበረበት፣ ሙቀት ራሱ ይሞላዋል። ሄሊየሙም ማጽዳት ያቅተዋል። ውሃውን ከ15 እስከ 22 ዲግሪ ባለው መሃል ያዘው። ከ15 በታች ግን አትውረድ፤ በተለይ በክረምት ቲዩቡና የጨረር መውጫ መስታወቱ ላይ ላብ ይቋጠራል። ገበያ ላይ ሲደብልዩ 3000 የሚባል ሳጥን «ቺለር» (ውሃ ማቀዝቀዣ) ተብሎ ይሸጣል። እሱ ቺለር አይደለም። ራዲያተርና ቬንትሌተር ነው፤ ውሃውን ከክፍሉ ሙቀት በታች ማውረድ አይችልም። ለአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ክፍልና ለቀላል ሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ግን አደራ፣ ኮምፕሬሰር ያለው ግዛ። ውሃው የባትሪ ውሃ የሚባለው ዲስቲልድ ይሁን እንጂ የቧንቧ አይሁን። ሲገዙ አሲዱን እንዳይሰጡህ ጠርሙሱን አሽትተህ ሳይሆን አንብበህ ግዛ።

ውሃው ሌላም ተጽዕኖ አለው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቲዩቡ 1.2 ሜትር ያህል ብርጭቆ ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 4 ማይክሮን ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የጨረሩ የሞገድ ርዝመት ግማሽ 5.3 ማይክሮን ነው። ስለዚህ በየዲግሪው በቲዩቡ ሁለት ጫፎች ባሉት መስታወቶች መሃል ያለው ሞገድ እየተንሸራተተ ፓወሩ ከፍ ዝቅ ይላል። የምርምር ሌዘር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ለመቆጣጠር መስታወቶቹን ኢንቫር በሚባል ሲሞቅ በማይረዝም ብረት ያስራሉ፣ አንዱን መስታወት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚገፋ ክሪስታል ላይ ይሰቅሉና ፓወሩን እያነበቡ በማይክሮን ክፍልፋይ ያስተካክሉታል። ለአንተ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም። ማሽኑን አብርተህ ውሃው እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ቁረጥ።

እንግዲህ ወደ ትልልቆቹ። በታሸገ የብርጭቆ ቲዩብ ከአንድ ሜትር የሚወጣው ኃይል ቢበዛ 70 ዋት ገደማ ነው። «ታዲያ ወፍራም ቲዩብ ለምን አይሠሩም?» ትል ይሆናል። አይጠቅምም፤ ሲወፍር መሃል ያለው ሙቀት ግድግዳው ጋ ለመድረስ ይቆያል። ስለዚህ ቲዩብ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም። ከዚህ ገደብ ለመውጣት መሐንዲሶች የተለያየ መንገድ ሄዱ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጋዙን በነፋሻ ማዞር ጀመሩ፦ ይሞቃል፣ ወጥቶ በራዲያተር ይበርዳል፣ ተመልሶ ይገባል። ኪሎዋቶች የመጡት በዚህ ነው፤ ለብዙ ዓመታት የብረት ፋብሪካዎች ቆርቆሮ ሲቆርጡ የኖሩት በዚህ ነው። እነዚህ ሌዘሮች የተበላሸውን ጋዝ ትንሽ ትንሽ እያስወጡ ከሲሊንደር አዲስ ያስገባሉ። ቴክኒሻንህ የሰማው «ጋዝ መሙላት» ምናልባት ይህ ነው። ካናዳ ውስጥ ቦሊዩ የተባለ ሰው ደግሞ በ1970 ይፋ ባደረገው ፈጠራ ኤሌክትሪኩን በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ አሳለፈው፤ ስለዚህ ጋዙን በተራ የአየር ግፊት ማብራት ተቻለ፣ በአጭር ምት ትልቅ ኃይል ወጣ።

ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው ግን ስላብ የሚባለው ነው። ሁለት ሰፋፊ የመዳብ ሰሌዳዎች ጥቂት ሚሊሜትር ተራርቀው ይቆማሉ፤ ጋዙ በመሃላቸው ነው፤ ውሃው ከሰሌዳዎቹ ጀርባ ይሄዳል። ትኩስ ሽሮ በድስት ውስጥ ሲሆንና ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሲዘረጋ የሚበርድበትን ፍጥነት አስብ፤ ነገሩ ያ ነው። ነፋሻ የለም፣ የሚሽከረከር ነገር የለም። የሚበራውም በሬዲዮ ሞገድ ነው። በዚሁ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠሩ ትናንሽ የብረት ቲዩቦችም ገበያ ላይ አሉ። ኤሌክትሮዱ በአስር ሺህ ቮልት ስለማይደበደብ ብዙ አይረጭም፣ ከብርጭቆው ብዙ እጥፍ ይቆያሉ። ሲደክሙም ፋብሪካው ከፍቶ አጽድቶ ጋዝ ሞልቶ ይመልሳቸዋል። ለነዚህ ማስሞላት በእርግጥ ያዋጣል።

የወታደሮቹ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ኬሚካል ሌዘር ኃይሉን ከኤሌክትሪክ ሳይሆን ከኬሚካል ውህደት ነው የሚያገኘው። ካስፐርና ፒሜንተል በ1965 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሃይድሮጅንና ክሎሪን አዋህደው የመጀመሪያውን አበሩ። ትልቁ ሐሳብ ቀጥሎ መጣ፦ ጋዙን ከድምፅ በላይ በሆነ ፍጥነት በኖዝል (በጠባብ አፍ) ማሳለፍ። በፍጥነቱ ጋዙ ይበርዳል። የሞቀውና የተበላሸውም ከጨረሩ መንገድ ወዲያው ይጠረጋል። የእርጅና ጥያቄ እዚያ ላይ አከተመ፤ እያንዳንዷ ሞለኪውል አንዴ ሠርታ ትጣላለችና። በምትኩ ሌላ ጣጣ መጣ። የአሜሪካ አየር ኃይል ቦይንግ 747 ላይ የጫነው ሌዘር ክሎሪንን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር አገናኝቶ የተቀሰቀሰ ኦክስጅን ያመርት ነበር፤ ኦክስጅኑ ኃይሉን ለአዮዲን ይሰጥ ነበር፤ አዮዲኑ በ1.315 ማይክሮን ያበራ ነበር። በየካቲት 2010 ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ወዲያ እየበረረ የነበረ ሚሳይል አውድሟል። በ2011 ማብቂያ ላይ ግን ፕሮግራሙ ተዘጋ። በቶን የሚቆጠር አደገኛ ኬሚካል ጭኖ የሚበር፣ ሲያልቅበት ለመሙላት ወደ ሰፈሩ የሚመለስ መሣሪያ ለጦር ሜዳ አይመችም። ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚታሰቡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው።

ወደ ሱቅህ ልመልስህ። አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ፤ የማሽኑ መመሪያ አይጽፈውም። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ቲዩቡ የታሸገ ስለሆነ ውስጡን አይነካውም። ውጪውን ግን ይነካል፦ ሳሳ ያለ አየር ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ያንሳል። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚፈተነው እስከ 2000 ሜትር ተብሎ ነው። ቻይና ባሕር ዳርቻ ላይ ችግር ያልነበረው የአኖድ ሽቦ እዚህ ወደ ማሽኑ ብረት «ጭስ» እያለ ሊዘል ይችላል። በዘለለ ቁጥር ለቲዩቡ የሚደርሰው ይቀንሳል፣ ፓወር ሰፕላዩም ይጎዳል። መብራት አጥፍተህ አዳምጥ። ከቲዩቡ ጀርባ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ወይም የኦዞን ሽታ ከሸተተህ ሽቦውን ከብረቱ አርቀው፣ መጋጠሚያውን አቧራ ጠርገህ ለከፍተኛ ቮልቴጅ በሚሆን ሲሊኮን አሽገው። ይህን ሳያዩ ቲዩብ የቀየሩ ሰዎች አዲሱም «ደካማ» ሆኖባቸዋል።

ይህን ሁሉ አይተህ ጥፋቱ የቲዩቡ መሆኑ ከተረጋገጠ ማስሞላት ለምን እንደማያዋጣ ልንገርህ። አሮጌውን ጋዝ ማውጣት ብቻ አይበቃም። ቲዩቡ በቫኩም ፓምፕ ተስቦ፣ ግድግዳው የያዘው እርጥበት በሙቀት ወጥቶ፣ ከዚያ የተመጠነ ቅልቅል ገብቶ ብርጭቆው በእሳት መታሸግ አለበት። ያኔም የዛገው ኤሌክትሮድ፣ የተቃጠለው መውጫ መስታወት እዚያው ናቸው። ይህን ሁሉ የሚሠራ ቤት ብታገኝ እንኳ ሂሳቡ ከአዲስ ቲዩብ ብዙም አይርቅም፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

አዲስ ስትገዛ ከዋቱ ይልቅ የተመረተበትን ቀን ጠይቅ። ሄሊየም አተሙ በጣም ትንሽ ስለሆነ በብርጭቆና በማጣበቂያ ውስጥ ሳይቀር ቀስ እያለ ይሾልካል። የሄሊየም ኒዮን ሌዘር ሠሪዎች ይህን ያቃለሉት መስታወቱን በማጣበቂያ መለጠፍ ትተው በቀለጠ የብርጭቆ ዱቄት ማሸግ ሲጀምሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የሚቆይ ቲዩብ የተገኘው። የሲኦቱ የብርጭቆ ቲዩብ ግን ሳይሠራም ያረጃል። ስለዚህ «ለመጠባበቂያ» ብለህ ሁለት ሦስት ገዝተህ አታስቀምጥ። መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት የከረመ ደግሞ ቅናሽ ቢያደርጉልህም አትውሰድ። ሲመጣልህ ሻጩ ፊት አብራው፣ ቀለሙን እይ፣ አክሪሊኩ ላይ ተኩሰህ ጉድጓዱን አሳየው፣ ከዚያ ክፈል።

ሚሊአምፒሩን፣ ጠዋትና ከሰዓት ያለውን የውሃ ሙቀትና የቲዩቡን ቀለም ጻፍልኝ። በነዚህ ሦስቱ ጥፋቱ የቲዩቡ ይሁን የፓወር ሰፕላዩ እነግርሃለሁ።